የሲሪንቃ ፋይል ብቻውን አይከፈትም

ከወልድያ ወደ መርሳ ሲኬድ ከአስፋልቱ ዳር ያለውን የሲሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል ገበሬው የሚያውቀው በማሽላው ነው። ጊራና-1፣ ምስክርና ራያ የተባሉት ዝርያዎች ዝናብ ዘግይቶ ገብቶ ቀድሞ ለሚወጣበት ለዚህ አገር ታስበው ከዚሁ ግቢ ወጥተዋል። በ2013 ዓ.ም. ክረምት የሕወሓት ኃይሎች ቆቦን፣ ወልድያንና ሐብሩን ሲይዙ ማዕከሉም በእጃቸው ገባ። በታኅሣሥ 2014 ለቀው ሲወጡ ተዘርፎና ወድሞ ተገኘ። የወልድያ ሆስፒታልና የወልድያ ዩኒቨርሲቲም ዕጣቸው ይኸው ነበር።

ስለ ጦር ወንጀል ሲነሳ ዘረፋ ከኋላ የሚጠቀስ ጉዳይ ነው። ሰው የሞተበት ቤት ስለ ላቦራቶሪ ዕቃ አያወራም፤ አይፈረድበትምም። መሪን ለፍርድ ማቅረብ ለሚያስብ ዐቃቤ ሕግ ግን ሲሪንቃን የመሰለ ቦታ ከብዙዎቹ ይቀድማል ባይ ነኝ። አንድ ወታደር በንዴት ተኮሰ ሊባል ይችላል። በንዴት የተጫነ ካሚዮን ግን የለም። ትልቅ ተቋም ባዶ የሚሆነው መኪና ተመድቦ፣ ነዳጅ ተቀድቶ፣ ኬላ ላይ «ይለፍ» ተብሎ ነው። ይህን ያዘዘ፣ ካላዘዘም እያየ ዝም ያለ አዛዥ ይኖራል። ከተራው ወታደር ተነስቶ ወደ ላይ የሚወጣው መሰላል ከግድያው ይልቅ በዘረፋው ላይ ጎልቶ ይታያል።

ማስረጃውም ቢሆን ከሰው ትዝታ ብቻ የሚለቀም አይደለም። በመንግሥት መሥሪያ ቤት ንብረት ክፍል የሠራ ሁሉ እንደሚያውቀው ዕቃ ሲገባ ሞዴል 19፣ ሲወጣ ሞዴል 22 ይቆረጣል። በ2014 ከሲሪንቃ ለወጣው ንብረት ሞዴል 22 የቆረጠ የለም። የገባበት ወረቀት ግን ከየትም ይሁን ከየት ተፈልጎ ከተገኘ ዐቃቤ ሕግ ሊመኘው የሚችለው ዓይነት ሰነድ ነው። ተከላካይ ጠበቃው «እኛ ከወጣን በኋላ ሌላ ሰው ነው የወሰደው» ማለቱ አይቀርም፤ ያንን ክርክር የሚዘጋውም ቀንና ቁጥር ያለው ወረቀት ነው። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 273 በጦርነት ጊዜ የሚደረግን ዘረፋ ለይቶ ይቀጣል። አገራችን በ1986 ዓ.ም. የተቀበለችው የጄኔቫ ስምምነቶች ሁለተኛ ተጨማሪ ፕሮቶኮልም ሲቪል ሕዝብ በሕይወት ለመቆየት የሚያስፈልጉትን ነገሮች፣ ምግብን፣ ሰብልንና የእርሻ ቦታን፣ በውስጥ ጦርነት ጭምር እንዳይነኩ ይከለክላል። ስለዚህ ጉዳዩ ሕግ አጥቶ አልቆመም።

ከሲሪንቃ ወደ ሰሜን ሲኬድ ነገሩ ይከብዳል። ሂውማን ራይትስ ዎች ታኅሣሥ 2014 ላይ ባወጣው ሪፖርት ጳጉሜ 4 ቀን 2013 ዓ.ም.፣ ዘመን ሊለወጥ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ በቆቦ በአራት የተለያዩ አጋጣሚዎች 23 ሰዎች በትግራይ ኃይሎች እንደተረሸኑ መዝግቧል። ከዚያ ቀደም ብሎ በነሐሴ መጨረሻ በሰሜን ጎንደር ጭና 26 ሲቪሎች በተመሳሳይ መንገድ ተገድለዋል። አምነስቲ ኢንተርናሽናል በነፋስ መውጫ፣ በቆቦና በጭና የተደፈሩ ሴቶችን ቃል ሰብስቦ አሳትሟል። የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን በመጋቢት 2014 ይፋ ባደረገው የአማራና የአፋር ክልሎች ምርመራ የተገደሉት ሲቪሎች ቢያንስ 749 መሆናቸውን ገልጿል። በተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ መብቶች ምክር ቤት የተቋቋመው የባለሙያዎች ኮሚሽንም በአማራ ክልል በትግራይ ኃይሎች የተፈጸመው ግድያ፣ መድፈርና ዘረፋ የጦር ወንጀል ነው ብሎ ደምድሟል። እንግዲህ የጎደለው መረጃ ነው ማለት አይቻልም። የጎደለው ፋይሉን የሚቀበል ችሎት ነው።

ሰው ቶሎ ወደ አፉ የሚመጣለት ሄግ ነው። ወደ ዓለም አቀፉ የወንጀል ፍርድ ቤት የሚያስገቡት በሮች ግን ጥቂት ናቸው፤ ለእኛ ደግሞ ሁሉም ተዘግተዋል። ኢትዮጵያ የሮም ስምምነት አባል አይደለችም። ኤርትራ ፈርማ አላጸደቀችውም። አባል ያልሆነ አገር በፈቃዱ ሥልጣኑን ልቀበል ማለት ይችላል፤ አዲስ አበባ ይህን የማድረግ ፍላጎት አሳይታ አታውቅም። የቀረው የጸጥታው ምክር ቤት ነው። ዳርፉር እ.ኤ.አ. በ2005፣ ሊቢያም በ2011 በዚህ በር ገብተዋል። በትግራዩ ጦርነት ወቅት ግን ሩሲያና ቻይና ጉዳዩ የውስጥ ጉዳይ ነው በሚል አቋማቸው ስለጸኑ ምክር ቤቱ ክስ ቀርቶ ጠንከር ያለ መግለጫ እንኳ ለማውጣት ይቸገር ነበር።

ደግሞስ የዚህ ፍርድ ቤት ስም በአፍሪካ መሪዎች ዘንድ የጠቆረው የት ሆነና? እዚሁ አዲስ አበባ ነው። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2013 የአፍሪካ ኅብረት ባካሄደው ልዩ ጉባኤ በሥልጣን ላይ ያለ ርዕሰ ብሔር በየትኛውም ዓለም አቀፍ ችሎት እንዳይከሰስ ሲወሰን ኅብረቱን በተራው ይመሩ የነበሩት አቶ ኃይለማርያም ደሳለኝ ነበሩ። የእስር ማዘዣ የወጣባቸው የሱዳኑ አል በሽርም ቦሌ ላይ ቀይ ምንጣፍ ሲነጠፍላቸው አይተናል።

ለምን እዚህ ደረስን ብሎ ለሚጠይቅ ያለፉት ዘጠና ዓመታት መልስ አላቸው። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣሊያን አውሮፕላኖች ደሴን ሲደበድቡ የቀይ መስቀል ምልክት የነበረውን ሆስፒታል አልማሩም። ከዚያ በኋላ የሰናፍጭ ጋዝ መጣ፤ ከዚያም የካቲት 12፣ ከዚያም ደብረ ሊባኖስ። ኢትዮጵያ ጦርነቱ ሲያበቃ ኮሚሽን አቁማ፣ ማስረጃ ሰብስባ፣ ባዶሊዮንና ግራዚያኒን ጨምሮ የ10 ጣሊያናውያንን ስም በ1940 ዓ.ም. ለተባበሩት መንግሥታት የጦር ወንጀሎች ኮሚሽን አቀረበች። ፋይሉ የተሟላ ነበር። ጣሊያን ግን የአዲሱ የምዕራብ ጎራ አባል ልትሆን ነበርና እንግሊዝና ሌሎቹ ዞር አሉ። ባዶሊዮ አልጋው ላይ ሞተ። ግራዚያኒ በአገሩ ወታደራዊ ፍርድ ቤት 19 ዓመት ተፈርዶበት ጥቂት ወራት ታስሮ ወጣ፤ የተፈረደበትም ለጀርመን በማደሩ እንጂ በኢትዮጵያ ላይ በሠራው አልነበረም። የዘር ማጥፋት ወንጀልን የሚከለክለውን ስምምነት በ1941 ዓ.ም. ከዓለም ቀድማ ያጸደቀችው ይህችው አገር መሆኗን ለሚያስታውስ ነገሩ ይበልጥ ይመርራል።

ደርግ ሲወድቅ የሆነው በተቃራኒው ነው። ልዩ ዐቃቤ ሕግ ተቋቋመ፣ ክሱ በታኅሣሥ 1987 መሰማት ጀመረ፣ የጥፋተኝነት ውሳኔው በታኅሣሥ 1999 ተሰጠ፣ ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለማርያም በግንቦት 2000 በሌሉበት የሞት ፍርድ ተወሰነባቸው። አንድ አፍሪካዊ አገር የገዛ መሪዎቿን በገዛ ሕጓ በዚያ መጠን ስትዳኝ ብርቅ ነበር፤ ይህ ሊካድ አይገባም። የደርጉ ለገሠ አስፋውና አብረዋቸው የተከሰሱት በትግራይ ሲቪሎች ላይ በተፈጸመ የጦር ወንጀል ጥፋተኛ ተብለዋል። የሐውዜን ገበያ ድብደባ በኢትዮጵያ ችሎት በጦር ወንጀል መዳኘቱ ዛሬ በየመድረኩ «የእኛ ሕግ ለዚህ አልበቃም» ለሚሉ ሰዎች ጥሩ መልስ ነው። ችግሩ የችሎቱ ሌላ ገጽታ ነው፤ በዚያው ጦርነት በሌላው ወገን የተዋጋ አንድም ሰው አልተጠየቀም። ዳኛውን የሾመው አሸናፊው ነበርና።

የኤርትራ ጦርነት ደግሞ ሦስተኛ መንገድ አሳየን። በሄግ የተቀመጠው የካሳ ኮሚሽን በመቀሌ የአይደር ትምህርት ቤት ድብደባ ኤርትራን ተጠያቂ አድርጓል፤ በመጨረሻም እ.ኤ.አ. በ2009 ለኢትዮጵያ 174 ሚሊዮን፣ ለኤርትራ ደግሞ 163 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ወስኗል። ተጠያቂው መንግሥት ነው፤ ካሳ ተቀባዩም መንግሥት። ያዘዘ ጄኔራል፣ የፈቀደ ሚኒስትር በስሙ አልተጠራም።

ከሦስቱም አንድ ነገር ይወጣል። በዚህ አገር መሪን ችሎት ፊት የሚያቆመው የወንጀሉ ክብደት አይደለም፤ ሥልጣን ማጣቱ ነው። ጣሊያን ወዳጅ አገኘች፣ አመለጠች። ደርግ ሁሉን አጣ፣ ተዳኘ። አዲስ አበባና አስመራ ሁለቱም በመንበራቸው ቆዩ፣ ሒሳቡ በዶላር ተዘጋ።

የሰሜኑ ጦርነት ማንም ሁሉን ያላጣበት ጦርነት ነው። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ የተፈረመው ስምምነት ተጠያቂነትን፣ እውነትን፣ ካሳንና ዕርቅን የሚያካትት የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲ እንዲወጣ በአንቀጽ 10 ይደነግጋል። ጽሑፉ ጥሩ ነው። በተግባር የሆነውን ግን እንይ። መጋቢት 13 ቀን 2015 ሕወሓት ከሽብርተኝነት መዝገብ ተሰረዘ፤ ከሳምንት በኋላ ፍትሕ ሚኒስቴር በአመራሮቹ ላይ የተመሠረተውን ክስ አቋረጠ። በጦርነቱ የትግራይ ኃይሎች ዋና አዛዥ የነበሩት ሌተና ጄኔራል ታደሰ ወረደ በ2017 የትግራይ ጊዜያዊ አስተዳደር ፕሬዚዳንት ሆነው በጠቅላይ ሚኒስትሩ ተሾሙ። የሕወሓት ቃል አቀባይ የነበሩት አቶ ጌታቸው ረዳ በሚኒስትር ማዕረግ የጠቅላይ ሚኒስትሩ አማካሪ ናቸው። በፌዴራሉ ወገን ኤታማዦር ሹሙ ብርሃኑ ጁላ ጦርነቱ ሳያበቃ የፊልድ ማርሻል ማዕረግ ተሰጣቸው። ይህን ሳነሳ እነዚህ ሰዎች ወንጀለኞች ናቸው ማለቴ አይደለም፤ እንዲያ ለማለት ፍርድ ቤት ያስፈልጋል። ማለቴ፣ የቆቦ ጉዳይ ተመርምሮ ወደ ላይ ሲወጣ ሊጠየቁ የሚገባቸው ሰዎች በሙሉ፣ ከየትኛውም ወገን ይሁኑ፣ ዛሬ የፈራሚነት እስክሪብቶ በእጃቸው አለ።

አሁን ለመጻፍ ወደማይመቸው ነገር ልግባ። በወልድያም ሆነ በመርሳ ስለዚህ ጉዳይ ሲወራ «እነዚያ ይጠየቁ» የሚለው ድምፅ ጠንካራ ነው፤ ተገቢም ነው። ገለልተኛ ዓለም አቀፍ መርማሪ ይግባ ሲባል ግን ብዙ ሰው ያፈገፍጋል። ምክንያቱ አይጠፋንም። ቆቦን የሚመረምር ኮሚሽን ማይካድራን ይመረምራል፤ በዚያው ወረቀት ላይ አክሱምንም ይመረምራል። ኤርትራውያን ወታደሮች በኅዳር 2013 በአክሱም ያደረጉትን፣ የፌዴራሉ ጦር በሰኔ 2013 በቶጎጋ ገበያ ላይ የጣለውን ቦምብ፣ የአማራ ኃይሎች በምዕራብ ትግራይ በማፈናቀል የተከሰሱበትን ሁሉ ይዘረዝራል። መቀሌም በበኩሏ ይኸው ሕመም አለባት። ለአክሱም ሄግን የሚጠራ ድምፅ ቆቦ ሲባል «ተዋጊዎች ሳያውቁ ያደረጉት» ወደሚል ቋንቋ ይሸሻል። አሳ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ይባላል፤ እዚህ አገር ሁሉም የየራሱን ዘንዶ ፈርቶ የሌላውን አሳ ብቻ እንዲጎረጎርለት ይፈልጋል።

የባለሙያዎቹ ኮሚሽን የሞተውም በዚህ ነው። በታኅሣሥ 2014፣ ወልድያ ነጻ በወጣችበት ሰሞን፣ በ21 ድጋፍ፣ በ15 ተቃውሞና በ11 ድምፀ ተዓቅቦ ተቋቋመ። መንግሥት «ፖለቲካዊ ነው» ብሎ ተቃወመው፤ መርማሪዎቹም ወደ ሰሜን እንዳይሄዱ በሩ ተዘጋ፣ አብዛኛውን ሥራ ከሩቅ ሠሩት። የሚገርመው ኮሚሽኑ ያኔ ቆቦና ወልድያ እንዲገባ ቢፈቀድለት ኖሮ ለመንግሥት ክስ ከሁሉ የሚበልጥ ማስረጃ የሚሰበስበው እርሱ ነበር። ቆቦ እንዳይከፈት የፈለገ አልነበረም፤ ከቆቦ ጋር አብሮ የሚከፈተው ነው የተፈራው። በጥቅምት 2016 ዕድሜው እንዲራዘም የሚጠይቅ አገር ጠፍቶ ኮሚሽኑ ተዘጋ። ሲያቋቁሙት ድምፅ የሰጡት አውሮፓውያን ከአዲስ አበባ ጋር መታረቅ ፈልገው ነበር። ግራዚያኒን ያስመለጠው ሒሳብ በሌላ መልክ መጣ።

ሚያዝያ 9 ቀን 2016 ዓ.ም. የሚኒስትሮች ምክር ቤት ያጸደቀው የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲ ልዩ ዐቃቤ ሕግ፣ ልዩ ችሎት፣ የእውነት አፈላላጊ ኮሚሽንና የተቋማት ማሻሻያ ኮሚሽን እንዲቋቋሙ ይላል። በቅርጽ ረገድ ከጠበቅሁት የተሻለ ነው። ሁለት ጉድለቶች ግን አሉ፤ ሁለተኛው የባሰ ነው። አንደኛው ዳኞቹና ዐቃብያነ ሕጉ በሙሉ ኢትዮጵያውያን ይሁኑ ማለቱ ነው። ስለ ሉዓላዊነት የሚነሳውን ሐሳብ አልንቀውም። ነገር ግን አክሱምን የሚዳኝ ዳኛ በአማራው ዘንድ፣ ቆቦን የሚዳኝ ዳኛ በትግራዩ ዘንድ እምነት እንዲያገኝ ቢያንስ አንድ ወንበር ከሁለቱም ያልሆነ ሰው ቢቀመጥበት ምን ይከፋል?

ይህ ደግሞ የምዕራብ ፈጠራ አይደለም። የቻዱ ሒሴን ሐብሬ በሴኔጋል፣ በአፍሪካ ኅብረትና በዳካር መንግሥት ስምምነት በተቋቋመ ችሎት በአፍሪካውያን ዳኞች ተዳኝቶ እ.ኤ.አ. ግንቦት 30 ቀን 2016 ዕድሜ ልክ ተፈርዶበታል። ከሥልጣን ከወረደ ከ25 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። ክሱን ያቆሙት ከእስሩ የተረፉት ሰዎች ናቸው፤ የሚስጥር ፖሊሱ ጥሎት የሄደው የወረቀት ክምር በንጃሜና ወለል ላይ ተበትኖ ባይገኝ ኖሮ ግን ቃላቸው ብቻውን በቂ ላይሆን ይችል ነበር። የኬንያው ግን ተቃራኒው ነው፤ ኡሁሩ ኬንያታ በዓለም አቀፉ የወንጀል ፍርድ ቤት ተከሰው እያሉ ፕሬዚዳንት ሆኑ፣ ምስክሮች ተራ በተራ ቃላቸውን አነሱ፣ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2014 ክሱ ተቋረጠ። የደቡብ ሱዳን ቅይጥ ፍርድ ቤት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2015 እዚሁ አዲስ አበባ በተፈረመ ስምምነት ላይ ተጽፎ ወረቀት ላይ ቀርቷል። ሥልጣን ላይ ያለ ሰው ራሱን የሚዳኝ ቤት አይሠራም።

ሁለተኛውና የባሰው ጉድለት በወንጀል ሕጉ ውስጥ ያለ ነው። አንቀጽ 269 ዘር ማጥፋትን፣ አንቀጽ 270 በሲቪል ሕዝብ ላይ የሚፈጸም የጦር ወንጀልን ይደነግጋል። በሰብዓዊነት ላይ የሚፈጸም ወንጀል ግን በሕጉ ውስጥ ራሱን ችሎ አልተደነገገም፤ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 28 ይቅርታ አይሰጥበትም፣ ይርጋም አያግደውም የሚለው ይኸው ወንጀል መሆኑ ነው ግራ የሚያጋባው። ከዚያም በላይ የአዛዥ ኃላፊነት የሚባለው መርሕ የለም። የሮም ስምምነት በአንቀጽ 28 (ቁጥሩ ከእኛው ጋር መግጠሙ አጋጣሚ ነው) የጦር አዛዥ በሥሩ ያሉት ወንጀል እየፈጸሙ መሆናቸውን እያወቀ ወይም ማወቅ ሲገባው ካልከለከለና ካልቀጣ ራሱ ይጠየቃል ይላል። በእኛ ሕግ ግን ዐቃቤ ሕጉ አዛዡ በግልጽ ማዘዙን ወይም መተባበሩን ማስረዳት ይጠበቅበታል። የጽሑፍ ትእዛዝ አውጥቶ የሚያስረሽን ጄኔራል የት ይገኛል? ስለዚህ ሕጉ ባለበት ከቀጠለ ልዩ ችሎቱ የሚሰማው የተራ ወታደር ጉዳይ ይሆናል። የዚህ ምልክት ቀድሞ ታይቷል፤ በግንቦት 2013 የጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ መሥሪያ ቤት ሦስት ወታደሮች በመድፈር፣ አንድ ደግሞ ሲቪል በመግደል ጥፋተኛ መባላቸውን ሲያስታውቅ ከሻምበል በላይ ያለ ሰው በወሬው ውስጥ አልነበረም።

በወሎ የአባጋርና የሽምግልና ሥርዓት ይበቃል የሚሉ አሉ። ለጎረቤታሞች፣ ለራያና ለሐብሩ ገበሬ፣ ከብት ለተነዳበትና ደም ለተቃባ፣ ከዚያ የተሻለ ነገር የለንም። ደም ማድረቅ ግን ገዳዩ ቀርቦ «እኔ ነኝ» ሲል የሚጀመር ሥርዓት ነው። ከመቶ ኪሎ ሜትር ርቀት በሬዲዮ ያዘዘን ሰው ሽማግሌ የት ሄዶ ያስቀርበዋል?

ጊዜው ደግሞ ከእኛ ጋር አይደለም። ከ2015 ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል በመንግሥት ኃይሎችና በፋኖ መካከል ያለው ውጊያ ሰሜን ወሎንም ይዟል። መራዊ ላይ በጥር 2016 ቢያንስ 45 ሲቪሎች መገደላቸውን የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን ራሱ ገልጿል። በ2013 ስላየችው ነገር ለመመስከር የተዘጋጀች የሐብሩ ሴት ዛሬ ቃሏን ለማን ትሰጣለች? ምስክርነቷን የሚወስደው መንግሥት ራሱ በሌላ ጉዳይ ተጠርጣሪ ነው፤ ጫካ ያለውም ማንን አነጋገርሽ ይላታል። የሽግግር ፍትሕ የሚባለው ከአንድ ሁኔታ ወደ ሌላ ለሚሸጋገር አገር የታሰበ ነው፤ እዚህ አንዱ ጦርነት ሳይዳኝ በላዩ ሌላ ተደርቧል።

ውጭ ያለው መንገድ ጠባብ ቢሆንም አልተዘጋም። በ1970 በጎጃም እስረኞችን ያስረሸነው የደርግ ሹም እሸቱ ዓለሙ በሄግ የሆላንድ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2017 ዕድሜ ልክ ተፈርዶበታል፤ አንድ አገር የሌላውን አገር የጦር ወንጀል በገዛ ሕጉ መዳኘት እንደሚችል ማሳያ ነው። ከትግራይ የተረፉ ስምንት ሰዎችም በኢትዮጵያና በኤርትራ ባለሥልጣናት ላይ ለጀርመን ፌዴራል ዐቃቤ ሕግ አቤቱታ አስገብተዋል። ጀርመን ያለ የቆቦ ተወላጅ ይህን እንደ ጠላት ሥራ ከሚያየው በዚያው መስኮት የራሱን ወረቀት ቢያስገባ ይሻለዋል፤ የጀርመኑ ዐቃቤ ሕግ የሟቹን ብሔር አይጠይቅም።

እዚህ ያለው ሥራ ግን በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው የሚፈተነው። የልዩ ችሎቱና የልዩ ዐቃቤ ሕጉ አዋጆች ሲቀርቡ ስለ ዕርቅ የሚያወራውን መግቢያ መዝለልና ሁለት አንቀጾችን መፈለግ ይበቃል። አንዱ ያወቀ ወይም ማወቅ የነበረበት አዛዥ ይጠየቃል የሚል መሆን አለበት፤ ሌላው ሥልጣንና ማዕረግ ከክስ አያድንም የሚል። ሁለቱ ከሌሉ የቆቦ ፋይል ከሻለቃ አያልፍም። አንቀጾቹ ገብተው ድምፅ በሚሰጥበት ቀን ደግሞ እጃቸውን ከሚያወጡት መካከል ራሳቸው በእነዚያው አንቀጾች ሊጠየቁ የሚችሉ ሰዎች ይኖሩ ይሆናል።